ታብሌቷ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ናሞንጎ መንደር፣ ከሞንጉ ማዶ
ፌብሩዋሪ 11

ለልጄ ለሊካንዶ፤

ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም ያንተ ጤና እንዳይጎድል የምትለምንልህ አክስትህ ናሊሼቦ ነኝ። ታንኳ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ከብቶቹም ደህና ናቸው።

የገና ደብዳቤህ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ከዊንድሁክ ካቲማ በአውቶቡስ፣ ከካቲማ ሞንጉ በሌላ አውቶቡስ፣ ከሞንጉ እኔ ዘንድ በታንኳ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ የፈጀው ጊዜ አንተ ከጻፍከው ቃል ይበልጣል። ሌላው ዘመድ ሁሉ በስልክ ነው የሚያወራኝ። አንተ መጻፍ እንደምትመርጥ አውቃለሁ፤ አልጨቀጭቅህም። ግን ስትጽፍ ጻፍ እንጂ።

ትልቁ ወሬ፣ ትምህርት ቤታችን ታብሌት መጥቶለታል። በእኛው ቋንቋ በሲሎዚ ማንበብ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ትምህርቱ የተዘጋጀውም አንተ ያለህበት ዊንድሁክ ነው አሉን። ጣሪያው ላይ ሶላር ተተከለላቸው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ኢማሲኩ ተረክበው፣ ፈርመው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸውና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ልጆቹ ይሰብሯቸዋል አሉ። “ታዲያ ሳይሰበሩ ሊቀብሯቸው ነው?” አልኳቸው። ስቀው ሰጡኝ።

እኔ የጠመኔ ሰው ነኝ፤ ታውቀኛለህ። ክፍሌ ውስጥ ልጅ እንደ ቄጠማ ነው፤ የፊተኛውን ስታቃና የኋለኛው ይንጋደዳል። አንዱ ታብሌት ለአምስት ደረሰ። ስንከፍተው ከውስጡ የወንድ ድምፅ “እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች” አለ። ሁሉም እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡና አጨበጨቡለት፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። የእኔም እጅ ሳላስበው ተነሥቶ ነበር፤ ሻሼን የማስተካክል መስዬ መለስኩት።

ሰውዬው ግን የከተማ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የታንኳ ሥዕል እያሳየ “መርከብ” ይላል። ልጆቹ፣ ይሄ ሰውዬ ውኃ አይቶ ያውቃል ወይ እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንተ ኮምፒውተር ቤት እሠራለሁ ብለኸኛል፤ ምን እንደምትሠራ ግን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። ሰውዬውን የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ንገርልኝ።

አንዲት ልጅ ግን ታሳስበኛለች። ምዋንጋላ ትባላለች፣ የዓሣ አጥማጁ የሴፒሶ ልጅ። ቃል አፏ ላይ ይያዝባታል። ስሟን ስትጠየቅ “ም-ም-” ስትል ክፍሉ አብሮ “ም-ም-” ይላል። እኔ እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳፍረው እሷን ነው። አሁን መናገሩን ጨርሳ ትታዋለች፤ ስትጠራ መሬት መሬቱን ታያለች። አባቷም፣ የማይናገር ልጅ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል፣ መረብ ትጠግን ማለት ጀምሯል። ባንተ ጊዜ የነበረኝ ጉልበት አሁን የለኝም፤ ባንተ ጊዜ ልጁም እንዲህ አልበዛም ነበር።

መነጽር ላክልኝ። የታብሌቱ ፊደል ጉንዳን ያህላል።

አክስትህ ናሊሼቦ


ዊንድሁክ
ማርች 9

ለተከበሩ አክስቴ፤

ካለሁበት ሆኜ ጉልበቴን አጥፌ፣ እጄን አጨብጭቤ እጅ ነሥቻለሁ። ቤትዎ ከጎርፍ፣ ከብትዎ ከአዞ ይጠበቅ።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ሁለት ነው፤ አንዱ ላይ እንደሚቀመጡበት ስለማውቅ።

ታብሌት ውስጥ ያለውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ ነው የሚሠራው። የሚያነበው ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠውን ነው። ታንኳ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ ያኔ ደፍሮ አልተናገረም። አሁን ተናግሯል፤ ይታረማል።

ታብሌቱ የእርስዎን ቦታ ይወስዳል ብለው አይሥጉ። ልጅ ሲያለቅስ አያይም፣ ማን ሳይበላ እንደመጣ አያውቅም። አንድ ነገር ግን አለው፤ አይሰለችም፣ አይስቅም። አንዲትን ቃል መቶ ጊዜ ቢጠይቁት ፊቱ አይለወጥም። ስለዚህ እባክዎን ምዋንጋላን ለብቻዋ ያስቀምጧት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ያድርጉላት። ድምፁ ሲያነብ ተከትላው ሳይሆን አብራው ታንብብ። ሰው ከሰው ጋር እኩል ሲናገር ቃል አይያዝበትም። እጇን ደግሞ እንደ ቀዛፊ ታንቀሳቅስ፤ በአንድ ቅዘፋ አንድ ቃል።

ስንት ዓመቷ ነው? ጓደኛ አላት? የሚስቁባት ልጆች ስንት ናቸው፣ ወይስ ሁሉም ናቸው? አባቷ ክፉ ሰው ነው ወይስ ግራ የገባው? ያነጋግሩልኝና ያለውን ይጻፉልኝ።

ስለ ሥራዬ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ሊካንዶ


ናሞንጎ፣ ደረቁ ዳርቻ ላይ
ሜይ 20

ለልጄ ለሊካንዶ፤

ከሩቅ የሚያይ ዓይን፣ ከሩቅ የሚሰማ ጆሮ አይጥፋብህ።

መዘግየቴ በውኃው ነው፤ ዘንድሮ ቸኩሎ መጣ። እንደየዓመቱ ትምህርት ቤቱ ወደ ከፍታው ወጣ። አግዳሚው በአንድ ታንኳ፣ ጥቁር ሰሌዳው በሌላ፣ ታብሌቶቹ ደግሞ በዱቄት ከረጢት ተጠቅልለው እኔ ጭን ላይ። አቶ ኢማሲኩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ከረጢቱን እንደ ሙሽራ ሲጠብቁ ነበር። አሁን የምናስተምረው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው፤ ሶላሩን ጎጆ ጣሪያ ላይ አሰርነው።

ከሳምንታት በፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ አዲሱን ትምህርት ከጥፍር በማትበልጥ ካርድ ታብሌቶቹ ውስጥ አስገባ። የታንኳዋ ሥዕል መጣች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ያዙ። ድምፁ “ታንኳ” አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሰምተው ጉማሬ የመጣ መስሏቸዋል። ሰውዬው ሰማን ብለው ታብሌቱን ይዘው ጨፈሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያወሩታል። ሰውዬው፣ ላሞች አሉህ? ሰውዬው፣ ሚስት አግብተሃል? ባይመልስም አይከፋቸውም፤ ጠይቆ እስኪመጣ ነው ይላሉ።

ምዋንጋላን እንዳልከኝ አደረግኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጓደኛ የላትም፣ የሚስቁት ሁሉም አይደሉም፤ የማይስቁት ግን ዝም ነው የሚሉት። መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ቀኝ እጇ መቅዘፍ ጀመረ። ቀስ እያለ ድምፅ መጣ። ባለፈው ሰኞ ከጀርባዋ ቆሜ “ኮርማው ውኃውን ዋኝቶ ተሻገረ” ስትል ሰማኋት፤ አንዲት ፊደል ሳትደግም። ዞሬ ሄድኩ፤ ሳለቅስ እንዳታየኝ። አባቷን ገና አላገኘሁትም፤ ውኃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ልጅ የተሳሳተ ሥዕል ሲነካ ድምፁ እንዲህ አለ፦ “አይዞን፣ የቸኮለ ቀዛፊ ውኃ ይጠጣል፤ እንደገና።” ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ይህን አባባል ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከእናቴም አልሰማሁትም። ራሴ የፈጠርኩት ነው፤ ስሙን ለመናገር አንድ ሙሉ የወንዝ መታጠፊያ ይፈጅበት ለነበረ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት በታንኳ ወደ ትምህርት ቤት ስወስደው የምለው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ ሰማሁት። በከተማ አነጋገር ጨዋ ሆኗል እንጂ ድምፁን አልሳትኩትም።

አልጠይቅህም። ሰውዬው አብሮኝ ይሠራል ብለኸኛል፤ እንግዲያው ንገረው። አክስትህ ለየችህ በለው። ልጆቹ በኦክቶበር፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ ለወላጆች ቀን እንዲመጣ ይለምኑታል በለው። ለእነሱ ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

የአንዱን ታብሌት ገመድ ፍየል በላችው። ገመድ ላክ።

አክስትህ ናሊሼቦ


ዊንድሁክ
ጁላይ 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደ ሁልጊዜው ከጉልበትዎ በታች ሆኜ ሰላም እላለሁ። ገመዱን ልኬያለሁ፤ ከፍየል ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

አዎ፤ እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት አልነግርዎትም። እዚህ የመጣሁት ለጽሑፍ ሥራ ነበር። የሲሎዚውን ትምህርት የሚያነብ ሰው ሲታጣ አለቃችን፣ አንተ ሞክር አለችኝ። በሩን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር እጄን እየቀዘፍኩ አነበብኩ። ወደዱት። የእርስዎን አባባል ጽሑፉ ውስጥ የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።

እናንተ የምትሰሙት ግን እኔን አይደለም። ፔትሩስ የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ የተቀዳውን እሱ ነው የሚያስተካክለው። የያዘኝን ቃል፣ የደገምኩትን ፊደል፣ ለመናገር የምታገልበትን ዝምታ ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ልጆቹ የሚወዱት ፔትሩስ ቆርጦ ያስቀረውን ሰውዬ ነው። እኔ አሁንም ዳቦ ቤት ስገባ የምፈልገውን ትቼ መጥራት የምችለውን እገዛለሁ። ስብሰባ ላይ ስለ እኔ የሚናገረው ፔትሩስ ነው።

ያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስሜን መናገር ሲያቅተኝ ልጆቹ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በዚያው ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ። ለምዋንጋላም መልካም አይሆንም፤ የተደገፈችበትን ድምፅ ከእጇ መንጠቅ ነው።

አልመጣም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሩቅ አገር ነው ያለው ይበሏቸው፤ ውሸት አይደለም።

ሊካንዶ


ናሞንጎ
ኦገስት 14

ሊካንዶ፤

ጤናህ ይብዛ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለተቆጣሁ ነው።

ውኃው ጎድሎ ወደ ክፍላችን በተመለስን ሰሞን ሴፒሶ መጣ፤ ልጁን ሊወስድ። ክፉ ሰው እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። አይደለም፤ ግራ የገባው ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመና፣ ልጄ በተሳቀባት ቁጥር እኔ ቤት ነው የምታለቅሰው፣ ከእኔ ጋር ውኃ ላይ ብትሆን ማንም አይስቅባትም አለኝ። እውነቱን ነው። እስቲ መጀመሪያ ስማት አልኩት።

ምዋንጋላ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። አባቷ እንዲሰማ ብዬ ማዳመጫውን ነቅዬ ነበርና ሁለት ድምፅ ነው የሚሰማው፣ ያንተና የእሷ፣ እኩል። ወይፈኑ ከመንጋው የጠፋበት ታሪክ ነው። ሶላሩ አቧራ ለብሶ ሰንብቶ ስለነበር ታብሌቱ አልጠገበም፤ ወይፈኑ ወንዙ ጋ ሲደርስ ድርግም ብሎ ጠፋ። ድምፅህም ጠፋ።

ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። የጠቆረውን መስታወት እያየች ብቻዋን ቀጠለች። “ወ-ወ-ወይፈኑ” አለች። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ አየኋቸው። ደገመች፤ ቆመች፤ ደገመች። እኔ ልረዳት አፌን ስከፍት ሴፒሶ እጁን አንሥቶ ከለከለኝ። ወይፈኑ እናቱን እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ወሰደባት፤ አደረሰችው ግን። ሴፒሶ ኮፍያውን አጠለቀና፣ ቃል የሌላት መስሎኝ ነበር፣ እንዲህ ሞልቷት ኖሯል ለካ አለ። መረቡን ራሱ ሊጠግን ሄደ። ልጅቷ እዚሁ ናት።

የተቆጣሁት በዚህ አይደለም። በማግስቱ ምዋንጋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀችና፣ እየተንተባተበች፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦

“ያ ሰውዬ አንድም ቀን ቃል አይዘውም?”

ምን ልበላት? አይዘውም ብላት ውሸት ነው። ይይዘዋል ብላት ያንተን ምስጢር ማውጣት ነው። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ ነገ ነገ እያልኩ ነው። ብትመጣ ድምፁን ከእጇ መንጠቅ እንደሚሆን ጽፈሃል። እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኛል፤ ልጅቷ ራሷን የምትለካው ፔትሩስ ቆርጦ ካስቀረው ሰውዬ ጋር ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አንተም አትተካከልም።

መነጽርም ገመድም አልፈልግም። ሌላ ምን እንደምፈልግ ታውቃለህ።

አክስትህ


ዊንድሁክ
ሴፕቴምበር 3

ለተከበሩ አክስቴ፤

ለልጅቷ ምንም አይበሏት። መልሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

ለወላጆች ቀን የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ።

ሊካንዶ


ዊንድሁክ
ኖቬምበር 1

ለተከበሩ አክስቴ፤

ያበሉኝ ገንፎና ዓሣ እስከ ካቲማ ድረስ አላስራበኝም። ያጠገበኝን እጅ ፈጣሪ ያጥግበው። የሰጡኝን ማንጎ አውቶቡስ ላይ አካፍዬ ጨረስኩት፤ ለፔትሩስ አንድ ብቻ ተረፈው።

የወላጆች ቀን ዕለት እርስዎ ከበሩ ሆነው ሁሉን አይተዋል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር በጆሮዬ የሰማሁትን ልንገርዎት። አቶ ኢማሲኩ ይህ የታብሌታችሁ ሰውዬ ነው ብለው ሲያቀርቡኝ ያ ሁሉ ልጅ አጨበጨበ፣ ያ ሁሉ ወላጅ አጨበጨበ። ተራው የእኔ ሆነ። “እ-እ-እ-” አልኩ። ከወዲያ ጥግ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። እጄ ሊቀዝፍ ፈልጎ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ልመለስ፣ በሩ የት ነው እያልኩ ሳለ ከፊት ረድፍ የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ።

“አ-አ-አንተም?”

ዓይኔን ገለጥኩ። ቆማ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ማዘን አልነበረም፤ በሩቅ ገበያ ውስጥ ድንገት የአገሯን ሰው ያገኘች ትመስል ነበር።

“እ-እ-እኔም” አልኳት።

እሷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ እኔ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ፣ አባቷ፣ አቶ ኢማሲኩ፣ እርስዎም ሻሽዎን አፍዎ ላይ አድርገው። በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ያንን የመሰለ ግን አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ስንት ጥያቄ እንደጠየቁኝ ያውቃሉ፤ ሁሉንም ቀስ ብዬ መለስኩ። ላሞች የሉኝም ስላቸው ነው በጣም ያዘኑት። ሚስት የለኝም ስል እንኳ እንደዚያ አላዘኑም።

ስመለስ ስብሰባ ነበረን። ፔትሩስ እንደ ልማዱ ስለ እኔ ሊናገር ሲል ቆይ አልኩት። ለልጆቹ በሚቀጥለው ታሪክ ላይ የያዘኝ ቃል እንዳይቆረጥ እፈልጋለሁ አልኩ። ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝና የሰዎቹ ሻይ ቀዘቀዘ፤ ማንም ግን አልተነሣም። አለቃችን፣ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል አለች። እኔ፣ ሰውዬው የተበላሸ እንዳይመስላቸው ነው የምፈልገው አልኳት። ለጊዜው በአንድ ታሪክ ላይ ይሁን አለች።

ከስብሰባው በኋላ ፔትሩስ ማንጎውን እየላጠ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስቆርጥህ ኖርኩ፣ አንድም ቀን ተው አላልከኝም አለኝ። አሁን አልኩህ አልኩት።

ልጅዎ ሊካንዶ


ናሞንጎ
ጃንዋሪ 30

ለልጄ ለሊካንዶ፤

አዲሱ ዓመት አፍህን እንዳሰፋው ልብህንም ያስፋው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሁለተኛው መነጽር ላይ አቶ ኢማሲኩ ተቀመጡበት እንጂ። ቁም ሣጥናቸውንም አሁን አይቆልፉትም፤ ቁልፉን የት እንዳደረጉት ረስተውታል።

አዲሱ ታሪክ ትናንት ደረሰ። ማታውኑ ልጽፍልህ ተነሥቼ ነበር፤ ያለ መነጽር በኩራዝ አልሆነልኝም። ዛሬ ነው የሚሻለው።

እንደ ወትሮው ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ታብሌቶቹን ከበቡ። ምዋንጋላ ካለችበት ቡድን አጠገብ ነበርኩ። አሁን ማዳመጫ አትፈልግም፤ ከሌሎቹ ጋር ነው የምትቀመጠው፣ ሉቢንዳ ከሚባለው፣ ድሮ ቀድሞ ይስቅባት ከነበረው ልጅ ጎን። ድምፅህ ማንበብ ጀመረ። ገጹን አገላበጠ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ጥሩ ይሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ያዘህ። “ጉ-ጉ-” አልክና ዝም አልክ።

ሉቢንዳ ተበላሸ ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ የምታሳልፈውን ቀስት ሊነካ ጣቱን ዘረጋ። ምዋንጋላ እጁን ያዘችው።

“አት-አትንካው” አለች። “ገና እየተናገረ ነው።”

አምስቱም ጭንቅላታቸውን ገጥመው ጠበቁህ።

አክስትህ ናሊሼቦ